ኳሱ መሃላቸው እየወደቀ ላስቸገረው አሰልጣኝ፦ የኮሌጅ ሴቶች ቮሊቦል ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ኮች እንዴት ኖት። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የክርስቲያን ኮሌጅ የሴቶች ቮሊቦል እንዳሰለጥን ከተሰጠኝ ሁለት ወር ሆነኝ። እኔ ተጫውቻለሁ ግን ሴቶች አሰልጥኜ አላውቅም። 11 ልጆች አሉኝ፣ ሜዳው ሲሚንቶ ነው፣ በሳምንት ሶስት ቀን ከ10 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ነው የተፈቀደልን። ልጆቹ ጨዋ ናቸው ግን አንዳቸውም ሜዳ ላይ አይናገሩም፣ ኳስ መሃላቸው ይወድቃል፣ የሳተችዋ ይቅርታ ስትል ሁለተኛው ይመጣል። ግማሾቹ ይጾማሉ ግማሾቹ አይጾሙም። ቁምጣ አይለበስም የሚሉ መምህራንም አሉ። ግንቦት ላይ ውድድር አለን። ከየት ልጀምር፣ ቆጣ ማለትስ አለብኝ ወይ?»

ሰላም ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጥያቄህን ሳነበው መጀመሪያ ያሰለጠንኳቸው ልጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ዘጠኝ አመት ተጫውቼ ከዛ አስራ አራት አመት ሴቶች አሰልጥኛለሁ፣ ስድስቱን ያንተ አይነት ኮሌጅ ውስጥ ነው ያሳለፍኩት፣ ጠዋት የጸሎት ፕሮግራም ከሰዓት ልምምድ፣ ስለዚ ያለህበትን ሁኔታ አውቀዋለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምርና ቆጣ አትበል። ይሄን የምልህ ልጆቹ ሴት ስለሆኑ ወይ ኮሌጁ የክርስቲያን ስለሆነ አይደለም፣ በሽታቸው ዝምታ ስለሆነ ነው። ዝም ያለችን ልጅ ብትቆጣት የባሰ ዝም ነው ምትልህ፣ አይኗም ከኳሱ ላይ ተነስቶ አንተ ላይ ይተከላል፣ ኳስ በመጣ ቁጥር ፊትህን እያየች ነው ምትጫወተው። በቁጣ ያሸነፈ የለም ወይ ካልከኝ አለ። ቮሊቦል ኦሎምፒክ የገባው በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)፣ የዛን ጊዜ ወርቁን የወሰዱት የጃፓን ሴቶች አብዛኞቹ የክር ፋብሪካ ሰራተኞች ነበሩ፣ አሰልጣኛቸው ሂሮቡሚ ዳይማትሱ ከስራ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት መሬት ላይ እያንከባለለ ነበር የሚያሰራቸው። እሱን አይተው በየአገሩ ስንት አሰልጣኞች በተማሪ ላይ ሞከሩት። አንተ ግን ያለህ በሳምንት አራት ሰዓት ተኩል ነው፣ ልጆቹም ነገ ጠዋት ፈተና አለባቸው፣ ከዛ ደሞ ማንም አላስገደዳቸውም፣ ሁለቴ ብታስለቅሳት ሶስተኛ አትመጣም፣ አስራ አንዱ ስምንት ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው። ኳሱ መሃላቸው የሚወድቀው ችሎታ ስላነሳቸው እንዳይመስልህ፣ በይሉኝታ ነው። ትሪ ላይ የምትቀረውን የመጨረሻ ቁራጭ ስጋ አስበው፣ ሁሉም አይቷታል ሁሉም ይፈልጋታል ግን «አንቺ ብዪ» «ኧረ አንቺ ብዪ» ሲባባሉ እዛው ትቀርና ትሪው ይነሳል፣ ኳሷም ልክ እንደዛ ናት። ቤት ውስጥ ቀድማ እጇን እንዳትሰድ ተደርጋ ያደገች ልጅ፣ ኮሌጅ ስትገባ ደሞ ስለ ትህትና ስለ ራስን ዝቅ ማድረግ በየሳምንቱ ስትሰማ የኖረች ልጅ፣ ሜዳ ላይ ድንገት «የኔ!» ብለሽ ጩሂ ስትላት ትዕቢት ነው ሚመስላት። አንዷ ልጄ በግልጽ ነገረችኝ፣ «ኮች እኔ የኔ ስል ያቺ ልጅ አትችልም እንዳልኩ ሆኖ ነው ሚሰማኝ» አለችኝ። እኔ እስከዛ ቀን ድረስ ድምጽ የላቸውም ብዬ ነበር ምናደደው፣ ለካ ጓደኛዋን ላለማሳፈር ነው።

ስለዚ የመጀመሪያ ወር ስራህ ሰርቪስም (ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት) ስማሽም (ዘልሎ ኳሱን ወደ ታች መምታት) አይደለም፣ «የኔ» የሚለው ቃል ለነሱ ሌላ ትርጉም እንዲኖረው ማድረግ ነው። እኔ ያልኳቸው እንዲህ ነው፦ ኳሱ ከመረቡ ማዶ ሲመጣ ሸክም ነው እንጂ ጉርሻ አይደለም፣ የኔ ስትዪ ከጓደኛሽ የነጠቅሻት ነገር የለም፣ ከትከሻዋ ላይ ነው ያወረድሽላት፣ ዝም ስትዪ ግን ሁለታችሁም አንድ ሸክም ላይ ትጋጫላችሁ። ይሄን አንዴ ብቻ ተናገርና ወደ ስራ ግባ፣ ስብከት አታብዛባቸው እሱን ሌላ ቦታ ይሰማሉ።

ስራው ቀላል ነው። ሁለት ልጆች ሶስት ሜትር ያህል አራርቀህ ታቆማለህ፣ አንተ ከመረቡ ማዶ ሆነህ ልክ መሃላቸው ትወረውራለህ፣ ኳሱ መረቡን ሳያልፍ አንዷ «የኔ» ማለት አለባት። ህጉ አንድ ነው፣ ያልተጠራ ኳስ እንደወደቀ ይቆጠራል፣ አምሮባት ብትቀበለው እንኳን ነጥቡ ላንተ ነው። እዚ ላይ አትራራ። ሁለቱም ከጠሩ ችግር የለውም፣ ቀድሞ የማን ድምጽ ተሰማ ብለህ የቀሩትን ጠይቃቸው። ሶስተኛዋ ልጅ ደሞ ኳሱን አትነካም፣ ስራዋ የጠራችውን ልጅ ስም ጮክ ብሎ መድገም ብቻ ነው። የመጀመሪያ ቀን ይስቃሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፣ ከጊቢው የሚያልፉ ወንዶች ካዩዋቸው ጭራሽ ድምጽ አይወጣም። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ልጆች ይጀምራሉ፣ ከነሱ በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ። እኔ ጋ ሙሉ ቡድኑ እስኪጠራ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል፣ እና እመነኝ ሌላ ምንም ሳልጨምር የምንሸነፍበት ውጤት በግልጽ ጠበበ፣ ምክንያቱም በዚህ ደረጃ አብዛኛው ነጥብ ሚሄደው በሌላው ጉብዝና ሳይሆን ማንም ሳይነካው በሚወድቅ ኳስ ነው።

መጥራት ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለቱም ደፋር ሲሆኑ ደሞ ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፣ ስለዚ በየሁለቱ ልጆች መሃል ስምምነት አድርግ፣ አጠር ብሎ ፊት የሚወድቀውን አንዷ ትወስዳለች፣ ረዘም ብሎ ከኋላ የሚሄደውን ሌላዋ፣ መንገዳቸው እንዳይገናኝ። ሊቤሮ (ከኋላ ሆና ኳስ መቀበል ዋና ስራዋ የሆነች ተጫዋች) ካለችህ መሃል ያለ ኳስ ሁሉ ቅድሚያው የሷ ነው፣ ይሄን ከመጀመሪያው አሳውቃቸው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እኔ ሜዳ ውስጥ አግጃለሁ። ድሮ ነጥብ የሚያገኘው ሰርቪስ የሚመታው ቡድን ብቻ ነበር፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ነው፣ አንዱ ዙር እስከ 25፣ አምስተኛው ዙር እስከ 15። ዳኛው ካፏጨ በኋላ መቺዋ ያላት 8 ሰከንድ ነው፣ ያንተ ልጅ ያንን ጊዜ አንገቷን ደፍታ በይቅርታ ከጨረሰችው ቀጣዩ ሰርቪስ እሷ ላይ ነው ሚመጣው፣ ጎበዝ ተጋጣሚ ደሞ አንገት የደፋችዋን ነው ፈልጎ ሚመታው። በይቅርታው ፋንታ «ቀጣይ!» በሉ አልኳቸውና እጅ ለእጅ ይነካካሉ። እንደ ክርስቲያን ይቅርታ ማለት ክልክል ነው ወይ ብላ ያከራከረችኝ ነበረች፣ ከልምምድ በኋላ ሻይ ላይ ያዥላት አልኳት።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገርህ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ጅራፍ አታድርገው። ከተሸነፉ በኋላ «ጸሎታችሁ ስለቀዘቀዘ ነው» የሚል ሰው በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ፣ ልጆቹ ቀበሌ ለቀበሌ ተሯሩጠው ሳምንቱን ሙሉ ሰርተው የመጡ ነበሩ፣ የተሸነፉት ደሞ የተጋጣሚ ሰርቪስ ጠንካራ ስለነበረ ነው። አንዷ ከዛ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ከጨዋታ በፊት ጸልዩ፣ ማንም እንዳይጎዳ የተማራችሁትን እንድታወጡ ጸልዩ፣ ማዶ ያሉትም ልጆች ጸልየው ነው የመጡት። በዛው ልክ ደሞ በመዘምራኑ ጎበዝ ናት ወይ የዲን ልጅ ናት ብለህ ሜዳ አታስገባ፣ እነሱ በመጀመሪያው ቀን ያውቁብሃል።

«ስፖርት ዓለማዊ ነው» የሚል ሰው ኮሌጁ ውስጥ ካለ በትህትና ታሪኩን ንገረው። ቮሊቦልን በ1895 የፈጠረው ዊሊያም ሞርጋን አሜሪካ ማሳቹሴትስ ሆሊዮክ ከተማ በወወክማ ውስጥ የስፖርት ሃላፊ ነበር፣ ያው እኛ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የምንለው ማለት ነው። ቅርጫት ኳስ ለከበዳቸው እድሜያቸው ገፋ ላሉ ሰዎች ብሎ ነው መሃል ላይ መረብ አድርጎ መገፋፋት የሌለበት ጨዋታ ያሰበው። ክርስቲያን ማኅበር አዳራሽ ውስጥ የተወለደ ጨዋታ ነው እንግዲህ።

ወደ ሜዳው ልምጣ። ነገ ስትሄድ መጀመሪያ ሜትር ይዘህ መረቡን ለካው። የሴቶች 2.24 ሜትር ነው የወንዶች 2.43፣ የየኮሌጁ ጊቢ መረብ ግን ወንዶቹ እንደሰቀሉት ነው ሚቀረው፣ 19 ሳንቲም ቀላል አይደለም። ልጆቹ ስማሽ አይችሉም ተብለው ሁለት አመት ሙሉ በወንዶች መረብ ሲታገሉ ያገኘኋቸው ቡድን ነበረ፣ ያን ያህል ጊዜ ኳስ ወደ ላይ መግፋት ለምደው ስለነበር እጃቸውን ማስተካከል ራሱን የቻለ ስራ ሆነ። የሚለካው መሃሉ ላይ ነው፣ ጫፍና ጫፉ ደሞ እኩል ሆነው ከመሃሉ ከ2 ሳንቲም በላይ መብለጥ የለባቸውም።

ሲሚንቶው ያሳስበኛል። በሚዘለልበት ጨዋታ ሴቶች ላይ የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይበልጥ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ሚደርሰው ማንም ሳይነካት በማረፍ ላይ ነው፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ይገባና ያልቃል። ስለዚ ከመዝለል በፊት ማረፍ አስተምር። በሁለት እግር፣ ጉልበት አጠፍ አድርጋ፣ ጉልበቷ በእግር ጣቷ አቅጣጫ፣ ድምጹ ደሞ እንዳይሰማ። አይኔን ጨፍኜ ነበር ማዳምጣቸው፣ ጧ የሚለው እግር የማን እንደሆነ ሳላይ አውቅ ነበር። ሲሚንቶ ላይ በሳምንት ሶስት ቀን ሁሉ አታዘልል፣ ሁለቱ ቀን ይበቃል፣ ሶስተኛው ቀን መቀበልና በጣት ማንሳት ይሁን። መውደቅና መንከባለል ከፈለግክ ደሞ ሳር ላይ ውሰዳቸው፣ ጉልበት መሸፈኛ ለሁሉም ይገዛ፣ ይሄን ኮሌጁን ከማሊያ በፊት ጠይቅ።

ሌላው ብዙ አሰልጣኝ ሚረሳው አየሩን ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ አልፋ ነው ያለችው፣ አየሩ ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ገደማ ሳሳ ይላል፣ ኳስ እዚህ ይረዝማል፣ ሳይሽከረከር እየተንሳፈፈ የሚሄደው ሰርቪስም ያን ያህል አይወዛወዝም። ውድድሩ አዳማ ወይ ሀዋሳ ከሆነ ልጆችህ እዚህ የለመዱት ሰርቪስ እዛ አጠር ብሎ መረብ ሊነካ ይችላል፣ የሚቀበሉት ደሞ አየር ላይ ይበልጥ ይወላገድባቸዋል፣ ቢያንስ በዋዜማው ደርሰው አንድ ሰዓት ይምቱ ይቀበሉ። አንዴ እኛ ጠዋት በባስ ደርሰን በቀጥታ ገባን፣ የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ ሰርቪስ መረብ ላይ ጨረስነው፣ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን የኔ ነበር።

ጾሙን በተመለከተ ውድድርህ ግንቦት ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ልክ የዝግጅት ጊዜህ ላይ ይወድቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ደሞ ረቡዕና አርብም ስለማይጾም ብዙ ጊዜ ግንቦት ላይ ሁሉም ይበላል። ስለዚ የመዝለልና የጉልበት ስራውን ከፋሲካ በኋላ አድርገው፣ በጾሙ ወራት እጅ እግር አቋም መጥራት ሰርቪስ ላይ ቆይ። እስከ 9 ሰዓት ውሃም ሳይቀምሱ ሚውሉ ልጆች ይኖሩሃል፣ እነሱን በ10 ሰዓት ሮጠሽ ነይ ማለት ልክ አይደለም፣ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ቀለል አድርገው፣ በሶ በማር ወይ ሙዝና ዳቦ እዛው ይኑር፣ ሽሮ ጠግባ የመጣች ልጅ ዘልላ አታርፍም። ማንንም ጾምሽን ፍቺ አትበል፣ ያንተ ስልጣን አይደለም፣ የማትጾመዋም ልጅ ደሞ በነሱ ፊት እንድትሸማቀቅ አታድርግ፣ ቡድን አንድ ላይ ሲበላ የጾም ምግብ ካደረግከው ሁሉም ይበላል ነገሩም ያልቃል። ጴንጤዎቹም የጾም ጸሎት ሚይዙበት ሳምንት አላቸው፣ ቀድመው እንዲነግሩህ ጠይቅ። ደም ማነስን ደሞ አትናቅ፣ ቶሎ ቶሎ ሚደክማት ፊቷ የገረጣ ልጅ ሰነፍ ላትሆን ትችላለች፣ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትታይ፣ ምስርና ጤፉን በሎሚ ወይ በቲማቲም ትብላ፣ ሻይ ቡናውን ከምግብ ጋር ሳይሆን ቆይታ ትጠጣ፣ ብረቱን ከሰውነት ጋር እንዳይዋሃድ ሚከለክለው እሱ ነው።

ቁምጣው ላይ አትጣላ። ከቁምጣው ስር ረጅም ጥቁር ታይት ለሁሉም አንድ አይነት ግዛ፣ የውድድሩን አዘጋጆች ቀድመህ አስፈቅድ፣ አለቀ። በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ የግብጽ ሴቶች በአሸዋ ቮሊቦል እንኳን ሙሉ እጅና ረጅም ታይት ለብሰው ተጫውተዋል። ረጅም ቀሚስ ግን እንቢ በል፣ ጎንበስ ብላ ስትነሳ እግሯ ይጠላለፋል፣ እሱን ለመምህራኑ አንተ ሳትሆን አምበሏ ታስረዳቸው፣ ከሷ ሲሰሙት ይለያል።

ወንድ አሰልጣኝ ነህና ይሄን በቁም ነገር ያዘው። አቋም ለማስተካከል በእጅህ አትንካ፣ አንዷን ልምድ ያላትን ልጅ አውጥተህ በሷ አሳይ። አንድ ሴት ረዳት ፈልግ፣ የቀድሞ ተማሪም ብትሆን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳው ውስጥ ሞዴስ ይኑር እና ሃላፊዋ እሷ ትሁን፣ ዛሬ አልችልም ያለችህን ልጅ በሰው ፊት ለምን አትበል። መልእክት በግሩፕ ብቻ ላክ። ልምምዱን 11 ተኩል ላይ በትክክል ጨርስ፣ ስድስት ኪሎና ፒያሳ ሄዳ ሌላ ታክሲ ሚቀራት ልጅ ሲመሽባት ቤተሰቦቿ በሚቀጥለው ሳምንት አይልኳትም።

ብሎክ (መረብ ላይ ለመከላከል የተዘረጋ እጅ) ነክቶ የወጣ ኳስ ጉዳይም ያንተ አይነት ኮሌጅ ውስጥ መምጣቱ አይቀርም። ዳኛው አላየም፣ ልጅቷ ግን እጇን እንደነካት ታውቃለች። እኔ ጋ አንዷ 24 ለ 23 እየመራን እጇን አውጥታ ነካኝ አለች፣ ዙሩን ተሸነፍን፣ ሁለት ልጆች ለሳምንት አላናገሯትም። ትክክል ነበረች፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም አስቀድመን አልተነጋገርንበትም ነበር፣ ያንን ሁሉ ውሳኔ በ24 ላይ ለአንዲት የሃያ አመት ልጅ ትከሻ ትቼው ነበር። አሁን በመስከረም ቁጭ ብለን እንነጋገራለን፣ ነካኝ ያለችን ልጅ ማንም አይወቅስም ብለን እንስማማለን፣ ከዛ በኋላ አንድም ጊዜ ጸብ አላየሁም። አንተም ከግንቦት በፊት አድርገው።

ጨዋታ አሳያቸው። የሴቶች ክለቦች ሲጫወቱ ይዘሃቸው ሂድ፣ ኳሱን ሳይሆን አፋቸውን እዩ በላቸው። ኬንያንም በስልክ አሳያቸው፣ ሴቶቹ በ2000 ሲድኒ፣ በ2004 አቴንስ፣ ቶኪዮና በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ተጫውተዋል፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ቁመታቸውም እንደሚወራው ሁሉም ግዙፍ አይደለም። ተቀባይዋ ኳሱ ሳይደርስ ስትጮህ ይሰማቸዋል።

ኳስ የምታነሳላቸውን ሰተር ስትመርጥ በጣቷ ሚያምርባትን ብቻ አትይ። ኳስ ወደናንተ በመጣ ቁጥር ሁለተኛ ሆና ምትነካው እሷ ስለሆነች ሌሎቹ በሷ ድምጽ ነው ሚረጋጉት፣ አንዷ ስትስት ዞር ብላ አይኗን ምታያት ልጅ ፈልግ። እኔ ለሁለት አመት ሰተሬ የነበረችው ልጅ ስትመጣ ስሟን እንኳን በሹክሹክታ ነበር ምትነግርህ፣ ግን ሰው ሲሳሳት አይታ ዝም ማለት አትችልም ነበር፣ እሱ በቂ ነበር፣ ድምጹ በኋላ መጣ።

ኳስ ለመግዛት ስፖርት ዕቃ ቤት ስትሄድ ላዩ ላይ የተጻፈውን ስም አምነህ አትግዛ፣ አንድ ሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጠው፣ ከ260 እስከ 280 ግራም መሆን አለበት፣ ከበድ ካለ የጀማሪ ልጅ ክንድ ያቀላል፣ እሷም ኳስ መፍራት ትጀምራለች። ለ11 ልጆች ስድስት ኳስ ቢኖርህ በደንብ ትሰራለህ። በማርከር ቁጥር ጻፍባቸውና ማታ ማታ ለዘበኛው ቆጥረህ አስረክብ።